የሚያብረቀርቅ ነገር ሁሉ

ውድ ልጄ ቡለላኒ፣

ይህን የምጽፍልህ በልጅህ መማሪያ ክፍል ውስጥ፣ ከኋላ፣ ለትንንሽ ልጆች በተሠራች ወንበር ላይ ተቀምጬ ነው። ጉልበቴ ደረቴን ሊነካ ደርሷል። ቲቸር ፑምላ ሰሌዳው ላይ ቁጥር ትጽፋለች፣ ልጆቹ በአንድ ድምፅ ያነባሉ፣ እኔ በመስኮቱ ተራራውን አያለሁ። ደመናው ገና ነጭ ነው። ሥሩ መጥቆር ሲጀምር ብዕሬን አስቀምጣለሁ፤ ደብዳቤው ቢቆራረጥ እንዳትታዘበኝ። ከጻፍኩም ብዙ ዘመኔ ነው። ፊደሉ እየተንቀጠቀጠ ነው የሚወጣው።

አንተ ብትኖር ትስቅ ነበር። "እናቴ በስተርጅና አንደኛ ክፍል ገባች" ብለህ ለመንደራችን ለኮሎሳ ሰው ሁሉ ታወራ ነበር።

ኅዳር ገብቷል። የሙቀቱ ወራት ሲመጣ ሰውነቴ ከእኔ ቀድሞ ያውቃል። ጠዋት ሰማዩ ንጹሕ ነው። እኩለ ቀን ላይ አየሩ እንደ እርጥብ ብርድ ልብስ ይከብዳል። ከዚያ ከተራራው ጀርባ ደመናው እንደ ጥቅል ጎመን እየተቆለለ ይወጣል። ድሮ "በቆሎው ሊጠጣ ነው" ብዬ ደስ ይለኝ ነበር። ዘንድሮ ግን ልጅህ የት እንዳለች በዓይኔ እፈልጋለሁ።

ሥራህን አስታውሳለሁ። ብርዱ ሊያልቅ ሲል መሰላልህን በትከሻህ፣ የቀለም ባልዲህን በእጅህ ይዘህ ከሰፈር ሰፈር ትዞር ነበር። ሰው ሁሉ የሙቀቱ ወራት ሳይገባ ጣራውን ደብዛዛ ቡናማ ማስቀባት ይፈልጋል። ኢንካንያምባ፣ አውሎ ነፋሱ እሱ ነው የሚባለው ያ ትልቁ እባብ፣ ከኩሬው ወጥቶ ሚስቱን ፍለጋ በሰማይ ሲያልፍ የሚያብረቀርቅ ቆርቆሮ ካየ ውኃ መስሎት ይወርዳልና። አያቶቻችን እንዲህ አሉ፤ እኛም ይህንኑ አልን። አንተ ግን ሰው ጣራ ላይ ቆመህ ትጮህ ነበር፦

"እባቡ ባይኖር ምን እበላ ነበር? እግዜር ዕድሜውን ያርዝምለት!"

ጎረቤታችን ታታ ጆንጊላንጋ ከታች ሆኖ በከዘራው ያስፈራራሃል። "ሳቅ፣ ሳቅ! ያን ጥርስህን ከላይ ሲያይ ውኃ መስሎት ነው የሚወርድብህ!"

"እርስዎማ ምን አለብዎት ታታ! አንድ ጥርስ የለዎት!"

ሽማግሌው ራሱ ሳቁን መቆጣጠር ያቅተው ነበር። ድዱ ብቻ የሚታይ ሳቅ። ልጅህ ዮኔላ እግሮቹ መካከል ቆማ፣ ምን እንደተባለ ሳይገባት፣ ሁለታችሁን እያየች ትስቅ ነበር። ይህን ያዝልኝ፤ እመለስበታለሁ።

ሸክላ ሠሪ በገል ትበላለች እንዲሉ፣ የሰውን ጣራ ሁሉ ስትቀባ የእኛ ለመጨረሻ ቀረ። አንድ ከሰዓት በኋላ ለክዳን ማሰሪያ የሳር ገመድ ስፈትል ጠየቅሁህ። "ነፋሱ እባብ ካልሆነ ታዲያ ለምን እንደ እባብ ወቅት ይጠብቃል? ለምን በብርዱ አይመጣም?"

በሬዲዮ የሰማኸውን ነገርከኝ። "እማዬ፣ በብርዱ ወራት መሬቱም ብርድ፣ ሰማዩም ብርድ፤ የሚጣላ የለም። ሲሞቅ ግን ከባሕሩ በኩል እርጥብና ሞቃት አየር ይመጣና እታች ይተኛል። ከተራሮቹ ማዶ ደግሞ ቀዝቃዛው ከላይ ይመጣበታል። ሞቃቱ ልውጣ ይላል።"

"እሺ ይጣሉ። መሽከርከሩን ምን አመጣው?"

ሳቅክና ሁለት እጆቼን ያዝክ፤ የሳር ገመዱ መሃላቸው ነበር። "አንዱን መዳፍሽን ወደ ፊት፣ አንዱን ወደ ኋላ። ሳሩ ምን ሆነ?"

"ዞረ።"

"የታችኛው ነፋስ ወደ አንድ በኩል ይሮጣል፣ የላይኛው ወደ ሌላ። መሃል ያለው አየር ይፈተላል። ሞቃቱ ሽቅብ ሲወጣ ያንን የተፈተለውን ቀጥ አድርጎ ያቆመዋል። ሁልጊዜ አይደለም፤ አብዛኛውን ጊዜ ዝናብ ብቻ ነው። ግን ሁለቱ መዳፎች የሚገናኙት በነዚህ ወራት ነው።"

"የሚያበራ ነገርስ አያይም?"

"ዓይን የለውማ!"

ልጄ፣ ያን ጊዜ ነው ይበልጥ የፈራሁት። እባብ ከሆነ ዓይን አለው፤ ዓይን ካለው ነገር መደበቅ ይቻላል። ዓይን ከሌለው በምን ትደበቃለህ? ፊቴን አየህና "ለአንቺ ስል እቀባዋለሁ" አልክ።

ያን ቅዳሜ ጣራው ላይ ነበርክ። ግማሹ ቡናማ ሆኗል፣ ግማሹ ያበራል። ዮኔላ መሰላሉን ይዣለሁ ብላ ትንጠለጠልበታለች። ድንገት ነፋሱ ቆመ። ፍየሎቹ ማንም ሳይነዳቸው መጡ። ሰማዩ እንደ ቆየ ቁስል አረንጓዴ መሰለና በረዶ መውረድ ጀመረ፤ እንደ ድንጋይ። ዘለህ ወረድክ፤ እኔንና ልጅህን አሮጌው የሳር ጎጆ ውስጥ ጠረጴዛ ሥር ከተትከን፤ ፍራሹን ከላያችን ጫንክ።

"ጆንጊላንጋ ብቻውን ነው። አስገብቼው መጣሁ" አልከኝ።

"መጣሁ" ነው ያልከኝ። የመጨረሻ ቃልህ ስለሆነ አልረሳውም። ከዚያ ያ ድምፅ መጣ። ባቡር ይመስላል ይላሉ፤ ለእኔ ባቡር አልመሰለኝም። ሺህ ሰው በአንድ ጊዜ ትንፋሹን ወደ ውስጥ የሚስብ ነበር የሚመስለው።

ሽማግሌውን ግድግዳ ሥር ወሽቀህ፣ በሩን ልትዘጋ ስትል የጣራው ወራጅ ወርዶብህ አገኘንህ። ፊትህ አልተነካም። ጣትህ ላይ ያለው ቀለም ገና አልደረቀም ነበር።

የቤታችን ጣራ ግማሹ ሄደ። የሄደው ያልቀባኸው ነው። የቀባኸው እንዳለ ቀረ፤ እርጥቡ ቀለም ላይ ሳርና የዶሮ ላባ ተጣብቆበት። ላባው እስከ ዛሬ አለ። የአገሩ ሰው ሊቀብርህ መጥቶ ጣራውን እያየ ራሱን ነቀነቀ። ከአየር ጠባይ መሥሪያ ቤት የመጣው ወጣት ደግሞ "ነፋሱ በዚያ በኩል ነው የገባው፣ ቀለም ምን ያደርጋል እናቴ" አለኝ። ለሁለቱም ራሴን ነቀነቅሁ። አንተን በከብቶቹ በረት አጠገብ አስተኛንህ፤ እኔም ገብቼ መስታወቱን በጨርቅ ሸፈንኩ። ማንኪያዎቹን መሳቢያ ውስጥ ከተትኩ። ባልዲዎቹን ደፋሁ፣ የውኃውን በርሜል በጆንያ ጠቀለልኩ። ዓመቱን ሙሉ እንዲሁ ናቸው።

ጥቅምት ሲገባ ዮኔላን ከትምህርት ቤት አስቀረኋት። የትምህርት ቤቱ ጣራ ካለፈው ነፋስ በኋላ አዲስ ነው የተሠራው፤ ከቤታችን ሲታይ ፀሐይ ሲያርፍበት ዓይን ያጠፋል። እዚያ ሥር ልጅህን ልልክ? ቲቸር ፑምላ ቤት ድረስ መጣች።

"ማምፒንጋ፣ ልጅቷ ብዙ ቀረችብን።"

"ጣራችሁን ቀቡት፣ እልካታለሁ።"

"ጣራውን ያሠሩልን ለጋሾች ፎቶ ሊያነሱት ይመጣሉ፤ እንዲያበራ ይፈልጋሉ። ምን ላድርግ?"

"እንግዲያው ለጋሾቹ ልጆቻቸውን አምጥተው ያስተምሩበት" አልኳት። ሻዩን ሳትጨርስ ሄደች።

በማግስቱ ናንዲፓ ከኬፕታውን ደወለች። ሚስትህ ታውቃለህ፣ አትጮህም፤ ዝግ ብላ ነው የምትናገረው፤ ይኸው ነው የሚያስፈራው። "ማማ፣ የምሠራው ልጄ እንድትማር ነው። ካልተማረች ለገና መጥቼ እወስዳታለሁ። እዚህ እንዲህ ያለ ነፋስ የለም።"

"እዚያ ሌላ ነገር አለ" አልኩ።

"አለ። ግን አብራኝ ትሆናለች።"

ስልኩን ዘግቼ በረቱ አጠገብ፣ መቃብርህ ጋ መጥቼ ቆምኩ። ከአንተ የቀረችኝ እሷ ብቻ ናት። ብልካት ሰማዩ ይወስዳታል፤ ባስቀራት እናቷ። ስለዚህ አብሬያት መጣሁ። ቲቸር ፑምላ በር ላይ ስታየኝ "ትልቅ ወንበር የለንም" አለችኝ። "ትንሹ ይበቃኛል" አልኳት። ልጆቹ አሁን ለምደውኛል። ከፊቴ የሚቀመጠው ልጅ መልሱ ሲጠፋው ዞሮ ያየኛል፤ እኔም አላውቀውም።

አሁን ስለ ልጅህ ጫማ ልንገርህ። ጠዋት ጠዋት ልጆቹ ተሰልፈው ጥፍራቸውና ጫማቸው ይታያል። የዮኔላ ጫማ ሁልጊዜ አቧራ ነው። ቲቸር ፑምላ ወደ ጎን ወስዳኝ፣ "ማምፒንጋ፣ በክፉ አይውሰዱብኝ፤ የጫማ ቀለም ከሌለ እኔ አለኝ" አለች። አፈርኩ። በየማለዳው በገዛ እጄ እወለውለዋለሁ፤ ፊቴን እስካይበት ድረስ። መንገድ ላይ ግን ልጆቹ ሮጠው ይቀድማሉ፤ እኔ በምርኩዜ ቀስ እያልኩ ከኋላ እደርሳለሁ። አቧራ የሚያለብሰው መንገዱ ነው ብዬ አሰብኩ።

ከትናንት በስቲያ በአቋራጩ ወረድኩና ጅረቱ ዳር ብቻዋን አገኘኋት። አፈር በምራቋ እያራሰች ጫማዋን ትቀባለች። ልክ አንተ ጣራ እንደምትቀባው፤ ከጫፍ ጀምራ፣ ክፍተት ሳትተው።

"ምን እየሠራሽ ነው አንቺ?"

ደነገጠች። "እንዳያየኝ ነው፣ አያቴ።"

"ማን?"

ጣቷን ወደ ሰማይ ልትቀስር ብላ መልሳ ከተተችው፤ መጠቆምም ፈርታለች።

"አባዬ ስለሳቀ ነው ያየው" አለች። "ታታ ጆንጊላንጋ ነግሮት ነበር። ጥርስህን ያያል ብሎት ነበር።"

ልጄ፣ ሳሩ ላይ ተቀመጥኩ። ለካ ዓመቱን ሙሉ ስትስቅ አፏን በእጇ የምትሸፍነው ለዚህ ኖሯል። የወተት ጥርሷ ስለወለቀ አፍራ ይመስለኝ ነበር። "ቆንጆ ነሽ፣ ይበቅላል" እያልኩ ሳባብላት ከረምኩ። የእናንተን ቀልድ፣ የሽማግሌው እግሮች መካከል ቆማ የሰማችውን ቀልድ፣ እንደ ወንጌል ይዛው ነው። እኔም ማንኪያውን ስደብቅ፣ መስታወቱን ስሸፍን፣ በየቀኑ እውነት ነው እያልኳት ነበር።

"አይደለም" ልላት ፈለግሁ። አፌ ግን እሺ አላለኝም። አይደለም ብዬ እርግጠኛ ብሆን ኖሮ እኔስ እዚህ ትንሽ ወንበር ላይ ምን እሠራለሁ?

ያን ቀን ከትምህርት ቤት ስንመለስ ለጆንጊላንጋ ነገርኩት። ከዘራውን መሬት ላይ ጣለው። "ቀልድ ነበረኮ፣ ማምፒንጋ። ከልጁ ጋር ስንቀልድ ነው።" ከዚያ እንደ ሕፃን አለቀሰ። አንተ ከሞትክ ወዲህ ሲያለቅስ ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው። እያለቀሰም "ግን እኮ ግማሹን ነው የወሰደው፤ ያልተቀባውን" ይላል።

ደመናው ሥሩ ጠቁሯል። ቲቸር ፑምላም መስኮቱን አየች። ብዕሬን ላስቀምጥ።

ተመልሻለሁ። አሁን ጠዋት ነው፤ ቤት ሆኜ፣ ካንተ አጠገብ ያለው ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ነው የምጽፈው። ወረቀቱ ጠርዙ ረጥቧል፤ አንብበው።

ትናንት ብዕሬን እንዳስቀመጥኩ ነፋሱ ቆመ። አወቅሁት። ልጆቹ ቁጥር ማንበባቸውን ሳያቋርጡ እኔ ተነስቼ ቆሜ ነበር። ቲቸር ፑምላ ድምፅዋን ከፍ ሳታደርግ "እንደተለማመድነው" አለች፤ ልጆቹ ከመስኮቱ ርቀው በውስጠኛው ግድግዳ ሥር ቁጢጥ አሉ፤ ቦርሳቸውን ራሳቸው ላይ አደረጉ። እኔ አልተለማመድኩም። ዮኔላን ይዤ መሬት ላይ ወደቅሁ፤ በላይዋ ላይ።

በረዶው አዲሱን ቆርቆሮ ሲመታው ሰው የሚናገረው አይሰማም። ከዚያ ያ ትንፋሽ መጣ፤ ወደ ውስጥ የሚስበው። ጆሮዬ ተደፈነ። ከደጅ አንድ ነገር ተቀደደ። እኔ እየጮህኩ ነበር፤ ጸሎት ይሁን ስምህ ይሁን አላውቅም። አፌ ተከፍቶ ነበር።

ትንሽ እጅ አፌ ላይ አረፈች። ጫን አድርጋ ያዘችኝ። ዝም ልታሰኘኝ መስሎኝ ነበር፤ ዓይኗን ሳየው ገባኝ። እየደበቀችኝ ነበር። የራሷን አፍ ግጥም አድርጋ ዘግታ፣ በሁለት እጆቿ የእኔን ጥርስ ከሰማይ ትሸፍናለች። እኔ እሷን የምጠብቅ መስሎኝ በላይዋ ተኝቻለሁ፤ እሷ ከሥሬ ሆና እኔን ትጠብቃለች።

ቡለላኒ፣ እንደዚያ ፈርቼ አላውቅም። ከነፋሱ ይበልጥ ያቺን እጅ ፈራኋት።

እጆቿን ከአፌ ላይ አነሳኋቸው። እምቢ አለች፤ ታገለችኝ። ከሹራቧ እጅጌ የተንጠለጠለ ክር ነበር፤ በጠስኩትና መዳፎቿ መካከል አስገባሁት። ጆሮዋ ላይ አፌን አድርጌ ጮህኩ። "አንዱን ወደ ፊት፣ አንዱን ወደ ኋላ!" እጆቿን በእጆቼ ይዤ አሸሁላት። ክሩ ዞረ። "አባትሽ እንዲህ ነው ያለኝ! የታችኛው ነፋስ ወዲህ፣ የላይኛው ወዲያ! ዓይን የለውም! ጥርስሽን አያይም፣ ጫማሽን አያይም፣ ማንንም አያይም! አባትሽን የገደለው ወራጅ ነው፤ ሰው ሊያድን ሄዶ ነው!" አፌን እስከ መጨረሻው ከፍቼ ነበር የምናገረው፤ እያየችኝ። እየተንቀጠቀጥኩ ነበር፤ ያንንም እያየችኝ ነው። ክሩን ማሸት አላቆመችም።

ቆይቶ ዝናብ ብቻ ሆነ።

ስንወጣ የሚያብረቀርቀው ጣራ አንድ ቆርቆሮ አልጎደለበትም። የተወሰደው ከጓሮ ያለው የሽንት ቤት ክዳን ነው፤ አንተ ራስህ ቡናማ የቀባኸው። ባሕር ዛፎቹ በረድፍ ተነቅለዋል። ከኮሎሳ የተጎዳ የለም። ከኮረብታው ማዶ ግን ሰው ተጎድቷል ይላሉ፤ ስማቸውን እስካሁን አልሰማንም። እዚያ ያለችው እናት ዛሬ ጠዋት ምን ላይ እንዳለች አስባለሁ፤ መስታወቷን እየሸፈነች ይሆናል።

ግቢው ውስጥ ልጆቹን ስንቆጥር በበሩ በኩል ታታ ጆንጊላንጋ እየሮጠ መጣ። በዚያ ዕድሜው ሲሮጥ አስበው። ብርድ ልብስ ተከናንቧል፤ ራሱ ላይ ባለሦስት እግሩን ጥቁር ድስት ደፍቷል፤ ሦስቱ እግሮች እንደ ቀንድ ቆመዋል። ከበረዶው ሊከላከልበት ኖሯል። ዮኔላን ደህና ሲያያት እዚያው ጭቃው ላይ ተቀመጠ። ቀና ብሎ ጣራውን አየ፣ ዞሮ ክዳን የሌለውን ሽንት ቤት አየ፣ ደግሞ ጣራውን አየ።

"ሽንት ቤቱ ውስጥ ምን ውኃ አይቶ ነው?" አለ።

"ታታ፣ ምናልባት ቸኩሎ ይሆናል" አለች ቲቸር ፑምላ፤ ገና እንባዋ አልደረቀም።

ሽማግሌው ያንን ጥርስ የሌለውን አፉን ከፍቶ ሳቀ፤ ድስቱ ተንሸራቶ ዓይኑን ሸፈነው። ያን ጊዜ ዮኔላ ሳቀች። እጇ እንደልማዷ ተነሳች። አገጯ ድረስ ደረሰችና እዚያ ቆመች። ወደ ሰማይ አየች፣ ወደ እኔ አየች። አልወረደችም፣ አልሸፈነችምም፤ አገጯ ሥር ቀረች። ከላይ አዲሱ ጥርሷ ብቅ ማለት ጀምሯል፤ ያንተ ዓይነት ሰፊ ነው።

የሙቀቱ ወራት ገና ብዙ ይቀረዋል። እስከ መጋቢት ደመናው ይቆለላል፤ እኔም ከሰዓት በኋላ ሁሉ ተራራውን አያለሁ። አልዋሽህም፤ መስታወቱን ዛሬም አልገለጥኩትም። ማንኪያዎቹን ግን አወጣሁ፤ ቁርስ በእነሱ በላን። ናንዲፓ ስትደውል ልጅቷ ትምህርት ቤት ናት እላታለሁ። የምትወስዳት ከሆነም፣ የምትስቅ ልጅ ትውሰድ።

ዛሬ ጫማዋን ወልውዬላታለሁ። ከወትሮው አስበልጬ፤ ቀለሙ ካልሲዋን እስኪነካ። ጅረቱ ድረስ ሸኘኋት። እዚያ ቆሜ "አንቺ ቅደሚ፣ እኔ ዛሬ አልመጣም፤ ለቲቸር ፑምላ፣ ትንሿን ወንበር ለባለቤቷ መልሻለሁ ብላለች በያት" አልኳት። ጫማዋን አየች፣ አፈሩን አየች። ከዚያ ሄደች። ኮረብታውን እስክታልፍ ድረስ ሁለት የሚያብረቀርቁ ነገሮች ፀሐይ ላይ ብልጭ ድርግም ሲሉ ከሩቅ አየኋቸው፤ ዓይኔን አላነሳሁም።

ሰማዩ አሁን ንጹሕ ነው። ወደ እኩለ ቀን ይሞቃል። አንተ ባለህበት ሆነህ ከላይ ካየሃት፣ የምታበራው እሷ ናት።

እየፈራች የምትጠብቅህ፣
እናትህ